አሥራ ሁለቱን ሴቶች ምን ብለን እንጻፋቸው?

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ንዴቱ ግን ዛሬም አልበረደልኝም። ሰው ሲናደድ ብዙ ጊዜ ጣቱን ሌላው ላይ ነው የሚቀስረው፤ እኔም ታሪኩን ለሰው ሳወራ የምጀምረው እንደዚያ ነው። መሃል ላይ ስደርስ ግን ጣቴን ወደ ራሴ የማዞርበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ሲሰማኝ ያቺን ቦታ እዘላታለሁ፤ ዛሬ አልዘላትም።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ያኔ በትርፍ ሰዓቴ ለአንድ ትንሽ የልማት ማኅበር እተረጉም ነበር። ማኅበሩ ሁለት ክፍል ቢሮ፣ አንድ ሲፈልግ የሚሠራ ማተሚያና ከውጭ አገር ረጂዎች ጋር የሚጻጻፍበት የኢሜይል አድራሻ ነበረው። ወደ ውጭ የሚሄድ ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። «መምህር ሳያየው እንዳይላክ» ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ቃል መምረጥ ስለምወድ፣ ክፍል ውስጥም ተማሪዎቼን የማደክመው በዚሁ ነው። የሚቀራረቡ ቃላትን ሰሌዳ ላይ ደርድሬ፣ የቱ ከየቱ በምን እንደሚለይ ሳስረዳ ደወል ቢደወልም አይሰማኝም።

አንድ ዓርብ ጠዋት የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሴ ደወለልኝ።

«መምህር፣ ዛሬ አንተ ከሌለህ አለቀልን» አለኝ። «ረጂዎቹ የሸክላ ሠሪዎቹን ማመልከቻ በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ ላኩ ብለዋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መድረስ አለበት።»

ማመልከቻውን አውቀዋለሁ። በገሱባ አቅጣጫ አንዲት ቀበሌ ውስጥ ለሚኖሩ አሥራ ሁለት ሸክላ ሠሪ ሴቶች ስለ ንጽህናና ስለ ሥራ ፈጠራ ሥልጠና ለመስጠት የተጻፈ ነው። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አካባቢ ሸክላ መሥራት እንደ ሥራ ብቻ አይታይም፤ ከዘር ጋር ተያይዞ ነው የሚቆጠረው። ሸክላ ሠሪን አግብቶ ዘመድ የሚያደርግ የለም፣ ከቤታቸውም አይበላም። ድስታቸውንና እንስራቸውን ገበያ ወርደን እንገዛለን፣ በድስቱ እንቀቅላለን፣ ከእንስራው እንጠጣለን። ድስቱን የሠራችው ሴት ብትመጣ ግን ከደጃፍ አናሳልፋትም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁላችን አንድ ነን ብለን እንዘምራለን። ስለዚህ ነገር ለሚጠይቀን እንግዳ ደግሞ «ድሮ ቀረ» ብለን እንመልሳለን፤ እኔም እንደዚያ ስመልስ ኖሬያለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ስደርስ በረንዳው ላይ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጠው አየሁ። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ባዶ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሳቸው ግን የተቀመጡት ደረጃው ጫፍ፣ ሲሚንቶው ላይ ነበር። እድሜያቸው ከእናቴ ብዙም አያንስም። አጠገባቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር፣ እጃቸው ላይ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«ሳሮ» አልኳቸው በወላይትኛ ሰላምታ፣ እግሬን ሳላቆም።

ብድግ አሉ። «እንግሊዝኛ የሚጽፈው መምህር አንተ ነህ? ከገሱባ ማዶ ነው የመጣሁት። ዳመነች እባላለሁ። ይቺን ወረቀት ከዚያኛው ወረቀት ጋር እንድትልኩልን ሴቶቹ ልከውኝ ነው።»

«እሺ፣ ቆዪ፣ ስብሰባ አለን» ብያቸው ገባሁ። እናቴን የምታህል ሴት አንቺ አልኩ። ለማንኛዋም ገበያተኛ እናት እንኳ እንደዚያ ብዬ አላውቅም፤ አፌ ግን እሳቸውን ሲያይ ራሱ መረጠ።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይጠብቁኝ ነበር። አቶ ደምሴ አለ። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ማርቆስ አሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። የፕሮጀክቱ ባለሙያ ትዕግሥትም አለች፤ ከእኛ ውስጥ ሴቶቹ ቀበሌ ድረስ ሄዳ ያየች እሷ ብቻ ናት። ላፕቶፔን ከፍቼ ማሳጠር ጀመርን። ብዙው ክፍል በቶሎ አለቀ። የቆምነው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ፕሮጀክቱ አሥራ ሁለት ድሃ ሸክላ ሠሪ ሴቶችን ይደግፋል የሚለው ላይ። ድሃ ለሚለው ‹ፑር› ተብሎ ተጽፏል።

«‹ፑር› ያረጀ ቃል ነው» አሉ አቶ ማርቆስ። «በእኛ ዘመን ነበር ‹ፑር› የሚባለው። ዛሬ ረጂ ‹ፑር› የሚል ወረቀት ሲያይ አንብቦ አይጨርስም።»

«‹ኒዲ› ብንለውስ?» አለ አቶ ደምሴ።

«‹ኒዲ› እጁን የዘረጋ ሰው ነው የሚያስመስለው» አልኩ። «የሆነ ነገር ጎድሎት የሚጠብቅ ሰው።»

«ታዲያ እየጠበቁ አይደለም?»

«ልክ ነው፣ ግን ቀለል ይላል። ጠንከር ያለ ከፈለጋችሁ ‹ዲስቲትዩት› አለ። የሚበላውም የሚለብሰውም የሌለው፣ ባዶ እጁን የቀረ ማለት ነው።»

አቶ ደምሴ ቃሉን ወደደው። ትዕግሥት ግን ሳቀች። «እኔ ደጃቸው ቆሜ አይቻለሁ እኮ። ከጓሮ እንሰት አላቸው፣ አንዳንዶቹ ፍየል አላቸው። ረጂዎቹ ፎቶ ላኩ ቢሉን ፍየሏን የት እንደብቃታለን?»

«ፍየሏ ከፎቶው ውጪ ትሆናለች» አለ አቶ ደምሴ። አልቀለደም፤ ማስታወሻው ላይ ሲጽፈው አይቻለሁ።

እንዲህ እያልን አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓትም አለፈ። ‹አንደርፕሪቪሌጅድ›፣ ዕድል ያልደረሳቸው ማለት ነው፣ ረዘመ ተብሎ ወደቀ። ‹ሎው ኢንካም›፣ ገቢያቸው ያነሰ የሚለው፣ የባንክ ይመስላል ተባለ። አቶ ማርቆስ ከቤታቸው ያመጡትን ወፍራም መዝገበ ቃላት እያገላበጡ አንድ ቃል ባገኙ ቁጥር መነጽራቸውን አውልቀው ያነቡልናል። እኔ ደግሞ የእያንዳንዱን ቃል ጠረንና ክብደት እየተነተንኩ እንደ ልቤ ሆኛለሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«‹ማርጂናላይዝድ› ይሻላል» አልኩ በመጨረሻ። «ወደ ዳር የተገፉ ማለት ነው። ለእነሱ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ቃል የለም።»

አቶ ደምሴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መምህር፣ እሱ ቃል ጥያቄ ያመጣብናል። ተገፉ ካልን ማን ገፋቸው ይሉናል። ወረዳው አጋራችን ነው፣ ቀበሌው አጋራችን ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም...» ብሎ ወደ አቶ ማርቆስ አየ።

«የሚገፋቸው የለም» አሉ አቶ ማርቆስ በለሆሳስ። «ድሮ ነበር፤ አሁን ቀርቷል።»

«እንግዲያው ‹ቫልነረብል›» አልኩ። «ለጉዳት የተጋለጡ፣ በቀላሉ ሊጎዱ የሚችሉ እንደ ማለት ነው። ያዝንላቸዋል፣ ግን ማንንም አይከስም። ጥፋተኛ የሌለበት ቃል ነው።»

አቶ ማርቆስ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «መምህር ማለት ይኼ ነው» አሉ። አቶ ደምሴ እጄን ጨበጠኝ። ጥፋተኛ የሌለበት ቃል ፈልጌ በማግኘቴ አንድ ፈተና ያለፈ ተማሪ ያህል ኮራሁ።

ያን ጊዜ የቢሮው ተላላኪ ጽጌ ሻይ ይዛ ገባች። አራት ብርጭቆ፣ አራት ማንኪያ። አቶ ደምሴ ደግ ሰው ነው፣ ይህን አልክደውም፤ በመስኮት ወደ በረንዳው አይቶ «ለዚያች ሴትም ስጫት፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣለች» አላት። መደርደሪያው ላይ ስድስት ያህል ንጹህ ብርጭቆ ተደፍቶ ነበር። ጽጌ አልፋው ሄደች። ከመስኮቱ ደፍ ላይ እስክሪብቶ ይቀመጥበት የነበረ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አነሳች፣ እስክሪብቶዎቹን አወጣች፣ በውኃ ለቅለቅ አድርጋ ሻዩን ቀዳችበትና ይዛ ወጣች። አቶ ማርቆስ ስኳራቸውን ያማስላሉ። ትዕግሥት ስልኳን ታያለች። ጠረጴዛው ላይ እነዚህን ሴቶች በክብር የሚጠራ ቃል ለመምረጥ ግማሽ ቀን የፈጀንበት ወረቀት ተዘርግቷል።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ወጣሁ። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ግብዞች ናቸው እያልኩ ነበር የወጣሁት፤ ‹እነዚህ› እያልኩ።

ወይዘሮ ዳመነች ጣሳውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው እፍ እያሉ ይጠጣሉ። አጠገባቸው ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ አልኩ። በወላይትኛ ነበር የምናወራው።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«ለጣሳው።»

ጣሳውን አገላብጠው አዩት። «ጣሳው ምን ሆነ? ትኩስ ነው።» ከዚያ ፈገግ አሉ፤ የገባቸው ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ አየሁ። «አንተ ልጅ ነህ፣ አዲስ ሆኖብህ ነው» አሉና የእንሰት ቅጠሉን ፈቱ። የተቀቀለ ቦይና ነው፣ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው፤ ተልጦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ዳጣ፣ የሚያቃጥለው የበርበሬ ድልህ፣ ተደርጎበታል። እንፋሎቱ የለም እንጂ ገና ጠዋት የተቀቀለ ነው። አንዱን ቆርሰው ዘረጉልኝ። «እንካ። ምሳ አልበላህም።»

የምዘላት ቦታ ይቺ ናት።

ምሳ አልበላሁም ነበር። ቦይና ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ እናቴ ስትቀቅል ድስቱ እስኪወርድ አልጠብቅም። ለጣሳው ይቅርታ ለመጠየቅ፣ ሰውን ሁሉ በልቤ እየተሳደብኩ የወጣሁትም እኔው ነኝ። እጄ ግን ከጉልበቴ ላይ አልተነሳም። እንዲነሳ ፈልጌ ነበር፣ ይህን እመኑኝ። አፌ በራሱ ተናገረ።

«ጨጓራ አለብኝ፣ እማማ። ዳጣ አይስማማኝም።»

የቆረሱትን መልሰው ቅጠሉ ላይ አኖሩት። አልተቆጡም። «ጨጓራ ነው» አሉ፣ ቅጠሉን እያጠፉ። «ወረዳ ስሄድም ጨጓራ ነው። ጤና ጣቢያ ስሄድም ጨጓራ ነው። ልጄን ያስተማራት መምህር ቤታችን ሲመጣም ጨጓራ ነበረው። አገሩ ሁሉ ታሟል።»

ከእፍረቴ ለመሸሽ «ወረቀቱን እስቲ ልየው» አልኩ። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው በአማርኛ የጻፈችው ነው፤ ፊደሏ የሚያምር፣ አጭር።

«እኛ ሸክላ የምንሠራ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። አፈር የምናወጣበት ቦታ ለችግኝ ጣቢያ ተብሎ በቀበሌው ታጥሮብናል። የሌላ ቦታ አፈር ሲተኮስ ይሰነጠቃል። አፈር ከሌለ ሥራ የለንም። ሥልጠናው ይቅርና አጥሩ ይከፈትልን።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥራ ፈጠራ ልናሠለጥናቸው ነው፤ ሥራ ግን አላቸው፣ ያጡት አፈሩን ነው። እንደዚያ ያለ ማመልከቻ ስንጽፍ ማናችንም ‹ምን ቸገራችሁ› ብለን አልጠየቅናቸውም። ምን ብለን እንደምንጠራቸው ግን ግማሽ ቀን ተጨንቀናል።

«ችግኞቹ ደርሰዋል?» አልኩ፣ ሌላ የምጠይቀው ጠፍቶኝ።

«የትኞቹ ችግኞች? አጥር ነው ያለው።»

ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። «ይህ መግባት አለበት» አልኩና ለሁሉም አነበብኩላቸው።

አቶ ደምሴ ግንባሩን አሻሸ። «ገጹ ሞልቷል።»

«ከሥልጠናው አንቀጽ እንቀንሳ።»

«ፕሮጀክቱ እኮ ሥልጠናው ነው። ደግሞስ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። አጥረህባቸዋል ብለን በራሱ ወረቀት እንክሰሰው?»

«ትንሽ ቆይተን በቃል እናነጋግረዋለን» አሉ አቶ ማርቆስ። «ሁሉም በጊዜው ነው፣ መምህር። መጀመሪያ እርዳታው ይምጣ።»

ትዕግሥት ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔስ? ተቀመጥኩ። ተነስቼ የወጣሁ፣ ደሜ የፈላ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲመልሱልኝ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩ። ኅዳጉን አጠበብኩ። ወረቀቱን ላፕቶፔ ሥር አስቀመጥኩት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ገጹ ተጠናቀቀ፤ ኔትወርኩ ግን ጠፋ። ዝናብ ጀምሯል፣ ዳሞታ ተራራም በደመና ተሸፍኗል። እስኪመለስ ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ወይዘሮ ዳመነች ተነስተው ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር፤ የገሱባ የመጨረሻው መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል።

«ጻፋችሁ?» አሉኝ።

«ጽፈናል።»

«ወረቀታችንስ?»

«እሱ... ቦታ አልበቃም። በኋላ ይታያል ተብሏል።»

ዝናቡን አዩት። «ታዲያ ስለእኛ ምን አላችሁ? ቀኑን ሙሉ ስትከራከሩ በመስኮት ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ በመጨረሻ ምን ብላችሁ ጠራችሁን?»

ቃሉን ወደ ወላይትኛ መለስኩት። ማዳመቅ አልቻልኩም፣ በቀጥታ ነው የተረጎምኩት። «ለጉዳት የተጋለጡ ሴቶች፣ ሊጎዱ የሚችሉ፣ ይላል።»

አሰቡበት። እንደ ስድብ አላዩትም። አንድ ሰው የመጣለትን ዕቃ ከመቀበሉ በፊት እንደሚያገላብጠው አገላብጠው አዩትና ጠየቁኝ።

«በማን?»

«እ?»

«የሚጎዳን ሰው ማን እንደሆነ ነዋ። እሱስ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ታውቁታላችሁ?»

ቁልቁል ጫማዬን አየሁ። «እናውቀዋለን።»

«እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን» አሉ። «የማያውቁት እነዚያ ፈረንጆቹ ብቻ ናቸው። ወረቀቱ የሚሄደው ደግሞ ለእነሱ ነው።» ከዚያ የእንሰት ቅጠላቸውን አንስተው፣ ወረቀታቸውን መልስ ሳይሉኝ፣ በዝናቡ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ባጃጅ ልጥራላቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

እንግሊዝኛ ፊደል የማይለዩ ሴት በአንዲት ጥያቄ ቀኑን ሙሉ የሠራነውን ሥራ አራቁተውት ሄዱ። እኛ ያንን ቃል የመረጥነው ያቺ ጥያቄ እንዳትነሳ ነበር፤ እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት እሷኑ ነው።

ገባሁ። ኔትወርኩ ተመልሷል።

«ላከው፣ መምህር» አለ አቶ ደምሴ።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር። አፈር የሚያወጡበትን ቦታ ቀበሌው አጥሮባቸዋል የሚል።»

«ጨርሰናል ብለናል እኮ።»

«እሱ ካልገባ አልልክም።»

የፊቱ ቀለም ተለወጠ። «መምህር፣ አንተ ተርጓሚ ነህ። የምትተረጉመው የሰጠንህን ነው።»

«እሳቸው የሰጡኝንስ ማን ይተርጉመው?»

«ተው ልጄ» አሉ አቶ ማርቆስ። «የማይሆን ነገር ነው። ለእነሱ ብለን እኮ ነው የምንደክመው።»

«ለእነሱ ብለን ከሆነ የደከምነው፣ ለምን በጣሳ አጠጣናቸው?»

በሩ አጠገብ የቆመችው ጽጌ ደነገጠች፤ እሷን አሳፈርኳት እንጂ ሌሎቹን ያሳፈርኩ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ስለ ጨጓራዬ አልተናገርኩም። ላፕቶፔን ዘጋሁት። ትዕግሥት የራሷን ከፈተች፤ ቅጂው እሷ ጋም ነበር። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ላከችው። ሲጨባበጡ ትቻቸው ወጣሁ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የልጅቷን ደብዳቤ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ምንም አላሳመርኩም፤ ድሃ የሚልም፣ የተጋለጡ የሚልም አልጨመርኩበትም። ለዚያው ረጂ ድርጅት በራሴ ኢሜይል ላክሁት። ከቀናት በኋላ በትሕትና የተጻፈ መልስ መጣልኝ፦ ስለጠቆሙን እናመሰግናለን፣ ጉዳዩን ለማኅበሩ አስተላልፈናል ይላል። ማኅበሩም በዚያው ሳምንት ከእንግዲህ ተርጓሚ እንደማያስፈልገው አስታወቀኝ። ፕሮጀክቱ ጸደቀ። ሴቶቹ ሠለጠኑ፣ ሳሙና ተሰጣቸው፣ ፎቶ ተነሱ። ፍየል አልታየችም።

አንባቢዬ፣ «ከዚያስ አንተ ቦይናውን በላህ ወይ?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። መጀመሪያ የደብዳቤውን ነገር ልነግራቸው የወይዘሮ ዳመነች ቤት ስሄድ አልበላሁም። ሁለተኛም አልበላሁም። በሦስተኛው በላሁ፤ ሳላላምጥ ነበር የዋጥኩት፣ ልጃቸውም አይታኛለች። ለእናቴ ስነግራት ከቤተ ክርስቲያን ጸሎት የማትቀረው እናቴ ለሁለት ሳምንት ያህል የእኔን ብርጭቆ ለብቻ አስቀመጠችው። ተጣላን። አሁን ታርቀናል፤ ስለ ብርጭቆው ግን አንነጋገርም። ስለዚህ ‹ድሮ ቀረ› የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ከእናቴ ቤት ጀምሬ ነው የምቆጥርለት። ራሴንም ከንጹሖቹ መሃል አላስቆምም፤ ለስለስ ያለ ቃል እየመረጥኩ እጄን ከሰው ማዕድ ስሰበስብ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ከዚያ ወዲህ ቃል መምረጤን አልተውኩም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ስለ ሰው አንድ ቅጽል ልጽፍ ስል የወይዘሮ ዳመነች ጥያቄ ይመጣብኛል። ‹የተቸገሩ› ልል ስል ማን አስቸገራቸው እላለሁ። ‹የተረሱ› ልል ስል ማን ረሳቸው እላለሁ። መልሱን እያወቅሁ የምዘለው ከሆነ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ ውሸታም ነኝ። እናንተም መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ወረቀት የምትጽፉ ከሆናችሁ፣ ሰውየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ በመስኮት ተመልከቱ። ካለ አስገቡትና ጠይቁት።

አጥሩ አልተከፈተም። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ግን ለዞኑ አቤቱታ እናቅርብ ብለው ተሰበሰቡና ጸሐፊ አደረጉኝ። ማን እንዳጠረ፣ ምን ተብሎ እንደታጠረ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጻፍኩ። ምን ብዬ ልጥራችሁ ስላቸው ስማችንን ጻፍ አሉኝ፤ አሥራ ሁለቱንም ከነአባታቸው ጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት ከወይዘሮ ዳመነች ጋር አብረን ዞኑ ቢሮ ገባን። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጣቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ሮጥ ሮጥ አለበትና ደረቱ ላይ እጁን አኖረ።

«አይ እነዚህ ምስኪን እናቶች» አለ። «እናዝናለን። የእናንተ ጉዳይ በጣም ያሳዝነናል።»

ወይዘሮ ዳመነች በአማርኛ መለሱለት፤ እንደ አገራቸው አነጋገር ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ምስኪን የሚል አለ?»

ኃላፊው ግራ ተጋብቶ ወረቀቱን እንደገና አየው። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ ፈለገ።

«የለም» አለ።

«እንግዲያው የተጻፈውን አንብብልን።»